ዛህራ ቡዳፔስትን ያየች ጊዜ

«ስሙ ውስጥ ሳይቀር ቡዳ አለበት እኮ!» አሉ እትዬ መስቱራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው። «የታመመ ሰው ይዞ ቡዳፔስት? ለሽርሽር?»

ኑረዲን ሰማ። በስደት የሚኖርበት ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ያለው አፓርትመንቱ ለሹክሹክታ አይመችም፤ ኪችኑን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሚስቱ ዛህራ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ። ሰው ፍራሹ ላይ በየተራ ቁጭ ይላል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ የቅርንፉድ ሻዩን ፉት ብሎ «አብሽር» ብሎት ይወጣል። የዛህራ ታላቅ እህት እትዬ መስቱራ ግን ከሪጀንት ፓርክ ሰፈር በመጡ ቁጥር ሰላምታቸው በሩቁ ነው።

ልጁ ኢብቲሳም ትሪ እንደያዘች አጠገቡ በርከክ አለች። «አባ፣ እውነቱን ለምን አትነግራትም? ኢትስ ኖት ፌር።»

«አትነግራቸውም በይ» አላት። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ «ተይው ልጄ» አለ።

ዛህራ ኖርዝ ዮርክ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ጧት ጧት ገላቸውን ከምታጥባቸው አንዷ ሚስስ ኢሎና የሚባሉ የሃንጋሪ አሮጊት ነበሩ። አገራቸው ታንክ ሲገባ ገና በወጣትነታቸው ድንበር አቋርጠው የተሰደዱ ናቸው። በመጨረሻ ዘመናቸው የልጆቻቸው ስም እንኳ ጠፍቷቸው ነበር፤ ቡዳፔስት ግን አልጠፋቸውም። ዛህራ ፀጉራቸውን ስታጥብ እሳቸው ከተማቸውን ያስጎበኟታል፦ ወዲህ ቡዳ፣ ወዲያ ፔስት፣ መሃል ላይ ዳኑብ፤ ወንዙ ዳር ማማዎቹ እንደ መርፌ የሾሉት ፓርላማ፤ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ድልድይ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የተኙት አራት የድንጋይ አንበሶች።

«ምላስ የላቸውም» ይሏታል። «ቀራጩ ረስቶት ነው። ሂጂና እዪልኝ።»

ዛህራ እሺ አለች። እሷ እሺ ካለች አለች ነው። አሮጊቷ ባረፉ በሦስተኛው ዓመት፣ ባለፈው መስከረም፣ ኢብቲሳም ቲኬቱን ቡክ አደረገችላቸው። ኑረዲን ሲያንገራግር ከረመ፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ባስ የነዳ ሰው የሚያርፈው ሶፋው ላይ ነው። ግን ሄደ።

ድልድዩ ጋ እንደደረሱ ዛህራ አንገቷን ወደ ላይ አስግጋ አንበሳው አፍ ውስጥ ማየት ጀመረች። «አይታየኝም። አንተ ረዘም ትላለህ፣ እስቲ ዝለል።»

የስድሳ ሦስት ዓመቱ ኑረዲን፣ ያ ሁሉ ቱሪስት እያየው፣ ዘለለ። ደግሞ ዘለለ። ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሲያየው ቆየና በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ምላስስ አላቸው፣ ግን የሚታየው ከላይ ብቻ ነው አለው። ዛህራ እየሳቀች የእግረኛው መንገድ ላይ ቁጭ አለች። «ሚስስ ኢሎና! አላቸው እኮ!» ብላ ወደ ወንዙ ጮኸች።

በማግስቱ ቡዳ በኩል ያለውን ዳገት ወጡ። እዚያ፣ ጽጌረዳ መሃል፣ ከአምስት መቶ ዓመት ግድም በፊት ከቱርኮች ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ጉል ባባ የሚባሉ ሼህ ተቀብረዋል። ፋቲሐ አድርገው ሲጨርሱ ዛህራ የግቢውን ግንብ ተደገፈች።

«ሐኪሙ ከረመዳን በፊት ነግሮኛል» አለችው። «ረጅም ጊዜ የለኝም። ብነግራችሁ አልጋ ላይ ታስተኙኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማየት አማረኝ።»

ኑረዲን አጠገቧ መጥቶ ግንቡን ተደገፈ።

«ለእትዬ ግን አደራ፣ ቀድሜ ማወቄን እንዳትነግራት። የእናታችንን መርዶ ወር ሙሉ ደብቀናት፣ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ዳግመኛ ተደበቀብኝ ካለች ትሰበራለች።»

እጇን ይዞ ቁልቁል አወረዳት። ወንዙ ዳር አይስክሬም በሉ፤ እሷ የራሷን ጨርሳ የሱንም ቀማችው። ያን ቀን ባስታወሰ ቁጥር፣ ለቅሶው መሃል እንኳ፣ ደረቱ ውስጥ ሞቅ የሚል ነገር ይሰማዋል።

ከአሱር ሶላት በኋላ ሰው ሳሳ። እትዬ መስቱራ ከኪችን ወጥተው መጡና ፍራሹ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው።

«ኑረዲን፣ አላህ እንዲያይህ አድርገህ መልስልኝ። መታመሟን እያወቅክ ነው የወሰድካት?»

ኢብቲሳም አባቷን አየችው። እሱ መሬት መሬት አየ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። አውፍ ይበሉኝ።»

ቁጣ ጠበቀ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ደስ አላት ወይ?» አሉ።

ነገራቸው። ስለ ማማዎቹ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ አንበሶቹ። መዝለሉ ላይ ሲደርስ፣ «አንተ? በዚህ ቦርጭ?» አሉና ሳቁ አፈናቸው፤ ቀጥሎም እንባው።

«ልጅ ሆናም እንዲህ ነበረች» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ካላየች አታምንም። የልቧንም ለማንም አትናገር።» ቀና ብለው ፊቱን መረመሩት። «እሷ ታውቅ ነበር፤ አይደል? የደበቀችኝ እሷው ናት።»

ኑረዲን ሻይ ሊቀዳላቸው ተነሳ።

«ግዴለህም፣ አትንገረኝ» አሉት። «አደራዋን ጠብቅ።»

ሸርተት ብለው ቦታ ለቀቁለት። ሲቀመጥ፣ የጋቢያቸውን ገሚስ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረጉለት።