ሁለት ቤት የምታድር የላስቲክ እባብ

ባሌን የሻውን ከኩርሙክ ገበያ ስኳር አምጣ ብዬ ብልከው እባብ ይዞልኝ መጣ። የላስቲክ እባብ! ጥቁር ናት፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጅራቷን ሲይዟት የምትወዛወዝ። "ሸዋሉል፣ እጅሽን ዘርጊ" ሲለኝ ስኳሩ መስሎኝ ዘረጋሁ። የዚያን ቀን ጩኸቴን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

"እንድትለምጂ ብዬ እኮ ነው" አለኝ፣ ሳቁ እያነቀው። ልምድ ይንሳህ! ከወሎ በሰፈራ የመጣን ጊዜ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነበር፤ ከውስጡ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እባብ ሲባል እግሬ አውጪኝ ነው። ደርግ ወድቆ፣ አገሩ ክልል ተብሎ፣ እኛም ከሰፈራ መንደሩ ወጥተን አሶሳ ዳር ቤት ሠርተን እንኳ ፍርሃቱ አለቀቀኝም።

ግን እንዳልጥላት ጠቀመችኛ! ማንጎው ላይ ስሰቅላት ጦጣዎቹ አጥር ላይ ተደርድረው ሲሳደቡ ዋሉ። የተሰጣ በርበሬ ዳር ሳስተኛት ዶሮ የሚባል ዝር አላለም። የስኳር ጣሳው ውስጥ ጠቅልዬ ስከታት ደግሞ የሻው ተደብቆ ሊቅም ክዳኑን ከፈተና ጣሳውን ወርውሮት ወጣ። እሰይ፣ የእጅህን አገኘህ!

አጥራችን አንድ የሆነው ጎረቤቴ ኸድራ ናት፤ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ናት፣ መንጌ ከሚባለው ወረዳ። "ሸዋሉል፣ አንተ ያ እባብ ስጠኝ! ዶሮ ለውዝ ጨረሰ!" እያለች ትመጣለች። እኔን "አንተ" ነው የምትለኝ፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። የእኔን በርታኛ ስትሰማ ደግሞ ሆዷን ይዛ ትስቃለችና እኩል ነን። እንዲህ እያልን እባቧ ዛሬ እኔ ዘንድ፣ ነገ እሷ ዘንድ ማደር ጀመረች። ልትመልስልኝ ስትመጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማት ነው። "ወላሂ፣ አንተ ትልቅ ሰው፣ እባብ ይፈራል!" እያለች ታሾፍብኛለች። እኔም የጀግና ጀግና ትመስለኝ ነበር።

በኋላ ሰፋሪው አንድ አንድ እያለ ወደ አገሩ ይመለስ ጀመር። የየሻው ወንድምም "መሬት ሊደለደል ነው፤ ቶሎ ኑ" ብሎ ላከበት። የሻው ታዲያ "አንቺ ካልሽ እንሄዳለን፣ ካላልሽም እንቀራለን" አለኝ። ከባድ ከባዱን ለእኔ መጣል ልማዱ ነው። የእናቴ መቃብር ናፈቀኝ፤ የእኛ ደጋ ደግሞ እባብ አያውቅም። "እንሂድ" አልኩ።

አልኩ እንጂ ለኸድራ መንገር አቃተኝ። ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ እሄዳለሁ፣ ለውዝ ታስጨብጠኛለች፣ እየበላሁ እመለሳለሁ። እንዲህ እንዲህ ሲል የመሄጃችን ዋዜማ ደረሰ። ዕቃው ሁሉ ተሸክፎ እሷ ምንም አታውቅም።

ሲመሻሽ የሻው መኪና ሊያነጋግር ወጣ። እኔ ፍራሹን ጠቅልዬ በጉልበቴ ተጭኜው የማስርበት አጣሁ። ብለቀው ሊዘረገፍብኝ ነው። ሳላስበው ወደ አጥሩ ዞሬ "ኸድራ! ገመድ! ኧረ ገመድ! ቶሎ በይ!" ብዬ ጮህኩ።

ወይ አፌ! እኛ ሰፋሪዎቹ ከመሸ እባብን በስሙ አንጠራውም፤ ከተጠራ ይመጣል እንላለን። "ገመድ" ነው የምንለው። ኸድራም ከእኔ የተማረችው ገመድ ይሄንኑ ነው።

በሩን በርግዳው ገባች። ባዶ እግሯን፣ ዘነዘና በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና። ጨፍና ያገኘችውን ትወቅጣለች! ፍራሹን፣ ሳጥኑን፣ የድስቱን ክዳን። "የት ነው? ሸዋሉል ውጣ! አንተ ውጣ!"

"ኧረ በእመብርሃን! የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ነው ያልኩሽ!"

ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየች፣ ፍራሹን አየች፣ ባዶውን ግድግዳ አየች። ዘነዘናውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"አንተ ይሄዳል?" አለችኝ።

ምን ልበላት? አፈርኩና ወሬ ለማስቀየስ "ያቺ ላስቲክ መስላሽ ነው የመጣሽው?" አልኳት።

"ላ፣ አይደለም! ላስቲክ እኔ ቤት ነው፣ ለውዝ ላይ ተኝቷል። ይሄ የእውነት ነው አልኩ።"

"አንቺማ እባብ አትፈሪ።"

"እኔ? ወላሂ፣ ካንተ በላይ ይፈራል። ላስቲክ ብቻ ነው የማይፈራ።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?"

የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት ሁሉ አፍጥጣ አየችኝ።

"አንተ ጠራኝ" አለች።

ይህን ብላ ከልብሷ በላይ የተጠቀለለችበትን ረጅም ጨርቅ፣ ቶቧን ፈታች፣ ተንበረከከችና ፍራሹን ዙሪያውን ታስርልኝ ጀመር። እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ ቋጠሮውን ታጠብቃለች። በበዓል ብቻ የምትለብሰው ቶቧ ቢሆን እንኳ የምትሰጠኝ ይመስለኛል። እጇን ያዝኳት፣ አላስችል ብሎኝ እኔም አለቀስኩ።

በዚህ መሃል የሻው እየሮጠ ገባ። "መኪናው ተገኘ! ... እንዴ፣ ሳጥኑን ማን ሰባበረው?"

"ሳጥኑን ተወውና ለብቻህ ሂድ። ወንድምህን ሰላም በልልኝ፣ የእናቴን መቃብር ሳምልኝና ተመለስ።"

"አንቺው አይደለሽ እንዴ እንሂድ ያልሽው?"

"አልኩ! አሁን ደግሞ አልሄድም አልኩ! እዚያ ሄጄ ድረሱልኝ ብል፣ እየፈራ የሚመጣልኝ ማን አለ?"

የሻው እኔንም ኸድራንም አየን። አልተከራከረኝም፤ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ፈታና ቶቧን አራግፎ መለሰላት።