የሲስተር ካምቢዮ

የካምቢዮ ዘይት «የዕድሜ ልክ ነው፤ አይቀየርም» የሚል ሰው ሲያጋጥም አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል፦ የማን ዕድሜ? የመኪናዋ፣ የባለቤቷ ወይስ የሻጩ? ሲስተር ይህንኑ አንድ መካኒክ ጠየቁት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ አሮጌ መኪና ዘይቷ ከተነካ ትሞታለች» ብሎ ሊያስፈራራቸው ሞከረ። ሲስተር ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ዋርድ የጨረሱ ነርስ ናቸው፤ «ካልነኩት አይሞትም» የሚል ሕክምና ሰምተው አያውቁም። ደማቸው ፈላ። «ስንፍናህን ሕክምና አታድርገው!» አሉና በሩን አላግተው ወጡ። በሩ የራሱ የመካኒኩ ጋራዥ በር መሆኑ ምንም አላሳሰባቸውም።

ግራጫዋ መኪና ጤንነት ከጎደላት ሰንብታለች። ማርሽ ሲገባላት መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ ነገሩን የምታሰላስል ይመስላል። ከዚያ ድንገት እንደ ደነበረ በቅሎ ትፈናጠራለች። ከሁሉ የሚብሰው ወደ ኋላ ስትሄድ ነው፤ ግቢው ደግሞ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከቤት ለመውጣት ዳገቱን ወደ ኋላ መውጣት ግድ ነው።

ከባለቤቱ ጋር እናቱ ቤት የሚኖረው ልጃቸው ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ይሠራል። እዚያ ያረጀ ነገር ሁሉ ጣጣ ሆኖ ስለሚታይ፣ ቤትም ሲገባ ያው ዓይኑን ይዞ ይገባል። መኪናዋን ፈታትቶ መለዋወጫ የሚያደርጋት ሰው አገኘላት። ሰውየው ቅዳሜ እኩለ ቀን ሊመጣ ነው።

«እማዬ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል? የፈለግሽበት አደርስሻለሁ።»

«መቼ?»

«ሲመቸኝ ነዋ።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አሉ ሲስተር።

የፈሩት በምክንያት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጡረታ የወጡ ነርሶች ከከተማው ወዲያ ጫፍ ተሰብስበው ካርታ ይጫወታሉ፤ ይሳደባሉ፤ ይስቃሉ። ከመካከላቸው አንዷን ልጆቿ መኪናዋን ሸጠውባት ነበር፣ ለደኅንነቷ ብለው። ሲስተር ሊጠይቋት ሲሄዱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኟት። «የት ልትሄጂ ነው?» ቢሏት፣ «የሚመቸው እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው» አለቻቸው። ሲስተር የዚያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲነዱ እንባቸው እየመጣ አስቸገራቸው፤ መንገዱ አልታይ ቢላቸው ዳር ይዘው ቆሙ።

ስለዚህ ከልጃቸው ጋር ውል ያዙ። ዘይቱን ራሳቸው ይቀይራሉ። መኪናዋ ያን ዳገት ሳትፈናጠር ወደ ኋላ ከወጣች አትሸጥም። ካልወጣች ግን ሰውየው ጎትቶ ይወስዳታል፤ እሳቸውም ቃል አይተነፍሱም።

«ማል!» አሉት።

«እናቴ ትሙት!»

«እኔን ተወኝና በሌላ ማል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር የድሮ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው ወጡ። ልጃቸው መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፈላቸው፤ ገፋ ገፋ አድርጎም አስተማማኝ መሆኑን አየ። ከዚያ፣ «ከዚህ በኋላ ገለልተኛ ነኝ» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የሲስተር ጉልበት ማጎንበስ ስለማይፈቅድላቸው ከመኪናው ሥር የገባችው ምራታቸው ናት። ምራታቸው መንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት አላት፤ የደንበኞቿን ፎጣ እቤት አጥባ፣ ከመኪናዋ በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ ታሰጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቡሎኑን በቀስታ! ፊትሽ ላይ እንዳይፈስ።»

«እማማ፣ እኔ ስንት ጭንቅላት በቀን እንደማጥብ ያውቃሉ? ፈሳሽ አያስፈራኝም።»

«የጭንቅላቱ እኮ አያቃጥልም!»

«የደንበኞቼን ምላስ ስላልሰሙ ነው።»

ቡሎኑ ወለቀ። ዘይቱ እንደ ቆየ ሻይ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ነገር እየሸተተ ወደ ገበቴው ወረደ። ደረጃው ላይ ያለው ገለልተኛ ሳይቀር አፍንጫውን ያዘ። የዕድሜ ልክ የተባለው ይኸው ነው! ይህን ጥቀርሻ «አይነካም» የሚል ሰው የራሱን ሾርባ በዚህ ቀለም ቢያቀርቡለት ጠረጴዛውን ይገለብጥ ነበር።

ምራታቸው የቡሎኑን አሮጌ ሮንዴላ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን ቀለበት፣ በአዲስ ቀይራ አጠበቀችው። ሲስተር ደግሞ የወጣውን ዘይት አንዲት ጠብታ ሳያባክኑ በውሃ ፕላስቲኮች ሞልተው ግድግዳው ሥር ደረደሩት። መኪናዋም ከመደገፊያው ወረደች። የሲስተር ሕግ ግልጽ ነው፤ የወጣውን ያህል ይገባል፤ አይበልጥም፣ አያንስም። ስንቱን በሽተኛ በዚህ ሕግ አቁመዋል! አዲሱን ቀይ ዘይት በዚያው ልክ ሰፍረው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ በቀጭኑ የመለኪያ ቱቦ ውስጥ በኢምቡቶ አንቆረቆሩት።

«ልክ ነው እንግዲህ» አሉ፣ ጓንታቸውን እያወለቁ። ኩራታቸው ከአንገታቸው በላይ ነበር።

መሪውን ያዙ። ሞተሩን አስነሥተው ትንሽ አሞቁትና ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ። መኪናዋ ዝም አለች። አሰላሰለች። ከዚያ ተፈናጠረች! ዳገቱ እግር ላይ ስትደርስ ሞተሯ ጮኸ እንጂ ጎማዋ አልተንቀሳቀሰም።

ሲስተር መሪውን አልለቀቁም። ዓይናቸው ፊት መስኮቱ፣ ቦርሳውና ጫማው መጡ።

ልጃቸው ተነሣ፤ መቼም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ድምፁን አለስልሶ፣ «እማዬ፣ በቃ፣ ሞከርሽ እኮ» አላቸው።

«ዝም በል!»

«ዝም አልኩ።»

ምራታቸው ኮፈኑን ተደግፋ መሬቱን ታያለች። መኪናዋ ከቦታዋ ፈቀቅ ስላለች፣ ስትቆምበት የነበረው ሲሚንቶ ተገልጧል። መካከሉ ላይ ቡናማ ቀይ፣ ሰፋ ያለ እድፍ አለ።

«ወይ ጉድ፣ ይሄ ቀለም ደግሞ በየሳምንቱ እያጠብኩት አይለቅም» አለች ለራሷ።

«የምን ቀለም?» አሉ ሲስተር በመስኮቱ።

«የፀጉር ቀለም ነዋ፣ እማማ። መኪናዋ ሳትኖር ከፎጣዎቹ የሚንጠባጠበው።»

«ፎጣውን አጥበሽ፣ ጨምቀሽ አይደል እንዴ የምታሰጪው?»

«እጨምቀዋለሁ።»

«ታዲያ የታጠበ ፎጣ ምን ቀለም አለው?»

ምራታቸው ጎንበስ ብላ ጣቷን እድፉ ላይ አሸችው፤ አሸተተችው።

«ዘይት ነው» አለች በቀስታ። «ቡሎኑ ጋ ሲያፈስ ኖሯል። እኔ ደግሞ ቀለሜ ነው እያልኩ… ውይ እማማ፣ አይቆጡ፣ በሞቴ!»

ሲስተር ግን እሷን ለመቆጣት ጊዜ አልነበራቸውም። የሚቆጡት ራሳቸውን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተለማማጅ ነርሶችን በአንድ ነገር ሲያስለቅሱ ኖረዋል፦ አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ የፈሰሰውን ደም ብቻ አትቁጠሪ፤ በሽተኛው ቤቱ፣ መንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ የፈሰሰውን ማን ይተካለታል? አሁን እሳቸው ያችኑ ተለማማጅ ሆነው ቁጭ አሉ!

«ደደብ!» ብለው ጮኹ።

«እኔ ነኝ?» አለች ምራታቸው።

«እኔ ነኝ!»

«እማዬ፣ ባለፈው ስንለካው ሙሉ ነበር እኮ» አለ ልጃቸው፣ ገለልተኛነቱን ረስቶ።

«ሞተር አጥፍተን ነዋ የለካነው! ሞተር ሲጠፋ ከላይ ያለው ሁሉ ተመልሶ ታች ይጠራቀምና ሙሉ ይመስላል። ስትሠራ ነው የሚታየው። ከሥር የፈሰሰውን ያህል ጎድሏታል ማለት ነው። ና፣ ቁመህ አትየኝ፣ መለኪያውን አውጣ!»

መኪናዋን ገፍተው የግቢው ደልዳላ ቦታ ላይ አቆሟት። ሲስተር ፍሬኑን ረግጠው ማርሹን በየቦታው ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ከዚያ ወደ ማቆሚያው መለሱት። ሞተሩ እየሠራ ልጃቸው መለኪያውን መዞ፣ ጠርጎ፣ ከትቶ እንደገና መዘዘው። ጫፉ ላይ እንኳ ከእርጥበት በቀር የረባ ነገር የለም።

«ደርቃለች» አለ።

«ጨምሩላት። በጥቂት በጥቂቱ! ከበዛም ያው በሽታ ነው።»

ባልና ሚስት ተጋግዘው አንዱ ሲያፈስ አንዱ ሲለካ፣ «በቃ»፣ «ኧረ ገና ነው»፣ «ኢምቡቶውን አታንቀሳቅሺው»፣ «አንተ ነህ የምታንቀሳቅሰው» ሲባባሉ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ዘይቱ መለኪያው ላይ ካለው የሙቅ ዘይት ምልክት ደርሶ እንደ ቼሪ ቀላ።

ሲስተር አማተቡ። ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ።

መኪናዋ አላሰበችም። ልክ እንደ ገባላት ለስለስ ብላ ያዘች፤ ዳገቱን ወደ ኋላ እንደ ቅቤ ተንሸራታ ወጣች። መንገዱ ላይ ቆመው ወደ ፊት አስገቡ፤ ያዘች። ወደ ኋላ አስገቡ፤ ያዘች። ያለ ምንም ጉዳይ አራት አምስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ደስ ስላላቸው ብቻ።

ልጃቸው ስልኩን አወጣ። «ወንድሜ፣ መኪናዋን በተመለከተ… አይ፣ ለሌላ ሰው አልተሸጠችም… ባለቤቷ ሐሳቧን… አዎ፣ እናቴ… አይ፣ እሷን ብታናግራት ምንም አይጠቅምህም። ለጤናህ ስል ነው።»

ምራታቸው የደረቁትን ፎጣዎች ሰብስባ እየሮጠች ወጣችና ከጎናቸው ገባች። «እማማ፣ ፀጉር ቤት ጣል ያድርጉኝ።»

«መንገዱ ማዶ አይደለም እንዴ?»

«ዞረን እንሂዳ!»

ሲስተር ሳቁ። ልጃቸው ደጁ ላይ፣ «እማዬ፣ ይሄ አሮጌ ዘይትስ?» አለ።

«ጋራዥ ወስደህ አሮጌ ዘይት የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ አስጨምረው። ቱቦ ውስጥ ብትደፋው ወዮልህ!»

«መቼ ልውሰደው?»

«ሲመቸኝ አደርስሃለሁ» አሉና ሄዱ።

መታጠፊያው ላይ አንድ ሹፌር ከኋላቸው ጥሩምባውን አንባረቀባቸው። ሲስተር መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አወጡና፣ ጊዜ ወስደው፣ በደስታ፣ የሚገባውን ሁሉ ነገሩት።