ጋሽ ባጫና ሰባቱ ዓመት

የምሠራው እንጦጦ ስር ያለች አንዲት የደረቁ ዕፅዋት ማስቀመጫ ቢሮ ውስጥ ነው። ድሮ ተለቅመው ወረቀት ላይ የተለጠፉ ቅጠሎችን መረጃ ኮምፒውተር ላይ እሞላለሁ፣ በቃ። ከዛ ዓለም ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያየዋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አንዷ ተክል ሁለት ሦስት ሳይንሳዊ ስም ይኖራታል። አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ማዶ ሆነው፣ ሳይተዋወቁ ያወጡላታል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የታተመው ስም ይነግሣል፣ የቀረው ከስሩ በትንሽ ፊደል "ሲኖኒም" ተብሎ ይገባል። ተለዋጭ ስም ማለት ነው።

ባለፈው ጥቅምት "ባጫኢ" የሚል ስም አጋጠመኝ። ክው አልኩ። ጋሽ ባጫ እኮ ቀጨኔ የተከራየሁት ቤት ባለቤት ናቸው። በጎረምሳነታቸው ተመራማሪዎችን በእንጦጦ ጫካ ይመሩ ነበር፤ አንዷን ቢጫ አበባ ያገኟት እሳቸው ስለሆኑ በስማቸው ጠሯት። ሰፈሩ ይህንን ወሬ ሃምሳ ዓመት ሰምቶ አንድም ቀን አላመነም።

ስሙ የታተመበት የአገር ውስጥ መጽሔት ላይ 1962 ይላል። ያቺኑ ተክል ኬንያ ያገኛት ስዊድናዊ ያወጣላት ስም ደሞ 1966። ስለዚህ ባጫኢ ቀድማለች። ዋና ስም አድርጌ አስገባኋትና ፕሪንት አድርጌ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። የሰፈራችን ባለሱቅ ረይሃና ሱቋ በር ላይ ለጠፈችው። ሰፈሩ አመነ። ጋሼ ለእሁዱ የእድር ስብሰባ ንግግር ማዘጋጀት ጀመሩ፣ ኮታቸውንም ላውንደሪ ላኩ።

ሐሙስ ዕለት አለቃዬ ዶክተር የሺሀረግ አስጠሩኝ። የስሙ ዓመት አልገጥም ያለው ሰው ከውጭ ኢሜይል ልኮባቸዋል። ስሙ መጀመሪያ የወጣባትን ራሷን ቅጠሏን፣ እኛ ታይፕ የምንላትን፣ ከምትቀመጥበት ቀይ ፎልደር አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋታል። ወረቀቷ ጥግ ላይ የተለቀመችበት ቀን በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ማርች 1968።

"ኦልያድ፣" አሉኝ፣ "ይቺ ልጅ ሳትወለድ ነው እንዴ ክርስትና የተነሳችው?"

መጽሔቱ የአገር ውስጥ ነው አላልኳችሁም? 1962 የኛ ነው። በፈረንጅ 1969 ይሆናል። ሰባቱን ዓመት መደመር ረስቻለሁ። ሲደመር ስዊድናዊው በሦስት ዓመት ቀደመ፣ ባጫኢ ወረደች።

ዶክተሯ ኮምፒውተሩም ላይ እኔው እንዳስተካክል፣ ለጋሽ ባጫም እኔው እንድነግራቸው አዘዙ። አርብ ፈራሁ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዴ ቢታመኑ፣ እሁድ ተመልሰው ውሸታም ሊባሉ ነው፤ በኔ ጥፋት። ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ኮታቸውን እየለኩ ነው።

"ጋሼ፣ ስምዎ... እ... ሲኖኒም ሆኗል።"

"ሲኖ ነው ያልከኝ?"

"ሲኖኒም።"

"ማንን ገጨ?"

እርስዎን ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ሰባቱንም ዓመት፣ ስዊድናዊውንም። ስማቸው ይፋቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይፋቅም አልኳቸው። ከስር ይኖራል፣ ቅጠሏም ቀዩ ፎልደር ውስጥ እንዳለች ትኖራለች፣ የሚጥላት የለም። ከነኮታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"እናቴ ያወጣችልኝ ባጫ ነው፣" አሉ። "እንጦጦ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስ ተብዬ ክርስትና ተነሳሁ። አዲሱ መታወቂያዬ ላይ ደሞ ባጃጅ ብለው ጽፈውኛል። በሦስቱም ብትጠራኝ ዞር እላለሁ። አበባዬስ በሁለት ስም ብትጠራ ምን ትሆናለች?"

እሁድ እድሩ ፊት ቆመው ይህንኑ ደገሙት። አበባዋን ያገኟት እሳቸው እንደሆኑ፣ ስዊድናዊው ግን በሦስት ዓመት እንደበለጣቸው፣ እና ስማቸው ከስር በትንሽ ፊደል እንደሚነበብ። ሲኖኒምን ሲኖ ብለው መስማታቸውንም አልደበቁም፣ መታወቂያቸውንም አውጥተው አሳዩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ግን ማንም ውሸት ነው አላለም። ማን ሊሸነፍ ውሸት ይፈጥራል? ሲወጡ ረይሃና በር ላይ ጠብቃ፣ ከባጃጅ ወደ ሲኖ በማደጋቸው እንኳን ደስ አለዎት አለቻቸው። እሳቸውም እስክሪብቶ ተቀብለው የሱቁ በር ላይ ያለው ወረቀት ላይ፣ ከስማቸው አጠገብ "ሲኖኒም" ብለው ጻፉበት።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ዳገቱ ላይ ከፊቴ ሲሄዱ አየኋቸው። "ጋሽ ሲኖ" ብዬ ተጣራሁ።

ዞር አሉ።