ጥየቃ አልፈልግም

…ይኼኛው ቃል ደግሞ አልገፋም አለ፣ የባቡር ጣቢያውን የእርዳታ ክፍል ተርጉማለች፣ በስልክ የሚያጽናኑትን ተርጉማለች፣ የጥየቃ አገልግሎት ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቀጥ፣ የኦልደንቡርግ አጥቢያ ለእንግሊዝ ወዳጅ ቤተ ክርስቲያን የሚልከው የቃላት ዝርዝር ነው፣ ነገ ይፈለጋል፣ ሠላሳ ዓመት ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትገለብጥ ኖራ አንድ ቃል ያስቸግራት፣ አይ ሮስቪታ፣ አይ እርጅና። ሰባ። ዛሬ ሰባ።

እሺ፣ ማብራሪያ ትጽፍላቸዋለች፣ ሰባ የሞላው ምእመን በልደቱ ቀን አበባና ካርድ ይዞ የሚጠይቀው ሰው አለው፣ አለው፣ ማን አለው፣ እሷ የላትም፣ ከስድስት ሳምንት በፊት ከአጥቢያው ደብዳቤ ሲመጣ ጥየቃ አልፈልግም የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገችው ራሷ ናት፣ ማንም ምስኪን ብሎ እንዳያያት፣ ኩራቷ እራቷ፣ ብይው እንግዲህ። ወንድሟ ከሃምቡርግ በስልኳ የኬክ ሥዕል ልኮላታል። ያ ነው እንግዲህ፣ ሌላ ማንም የለም።

ስልኩን አንስታ ትደውላለች፣ ለሥራ ነው፣ ለሥራ ብቻ፣ የጠያቂዎቹ አስተባባሪ ወይዘሮ ኒማን ናቸው፣ ይቅርታ፣ አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው፣ ሰው ቤት ስትገቡ ምንድን ነው የምትሠሩት፣ ወይዘሮ ኒማን ይስቃሉ፣ ምን እንሠራለን፣ መልካም ልደት ብለን መቀመጥ ነው፣ ሩብ ሰዓት ብለን ገብተን ሁለት ሰዓት፣ አንዷማ ባለፈው የሟች ባሏን ሱሪ ሁሉ አውጥታ አሳየችኝ፣ ምን ላድርግ፣ አየሁላት።

መቀመጥ፣ ሮስቪታ ትጽፋለች፣ እሱን በእንግሊዝኛ ታውቀዋለች፣ አመስግና ልትዘጋ ነው፣ ዝጊው፣ ዝጊው እንጂ፣ ኩሽና ውስጥ የፕሪም ኬክ አለ፣ ለስምንት ሰው የሚበቃ፣ ማንም እንደማይመጣ እያወቀች ምን ነክቷት ጋገረች፣

ወይዘሮ ኒማን፣ ዛሬ እኔም ሰባ ሞላኝ።

ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማል። ዝርዝሬ ላይ የሉም እኮ፣ ጥየቃ አልፈልግም ብለው ነበር እንዴ?

ብዬ ነበር፣ ድምፅዋ ይሰበራል፣ ይሰበር፣ ብዬ ነበር፣ ግን ይምጡልኝ።