እፈልጋለሁ ያለችው ልጅ

እትዬ አፀደ ስዊድን አገር ቴንስታ በሚባል ሰፈር ውስጥ የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት ቤት የከፈቱት ያኔ፣ ሐበሻ ከሐበሻ መንገድ ላይ ሲተያይ በደስታ በሚላቀስበት ዘመን ነው። በተሰባበረ ስዊድንኛ ኮሙኑን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱን፣ ደጅ ጠንተው ክፍል አስፈቀዱ። "አማርኛ ለዚህ አገር ልጅ ምን ያደርግለታል?" ያለውን ሁሉ ልክ ልኩን ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሯ እሳቸው ናቸው።

በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ታዲያ አንድ ወግ አለ። ሲጠቆሙ፣ "ኧረ እኔ በቃኝ! ለወጣት ስጡት" ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ፣ "በሞቴ! እርስዎ ከሌሉማ ምኑን ትምህርት ቤት ሆነ!" ይላሉ። ይግደረደራሉ፣ ይለመናሉ፣ በመጨረሻ "እንግዲህ ምን አደርጋለሁ" ብለው ይቀበላሉ። መግደርደራቸውን ማንም አያምነው፤ እሳቸው ራሳቸውም።

ዘንድሮ ግን ስብሰባውን የመራችው እዚሁ የተወለደችው ሳሌም ነበረች። እትዬ አፀደ "እኔ በቃኝ" ሲሉ አንገቷን ነቅነቅ አደረገችና፣ "እሺ፣ በጣም እናመሰግናለን። ሌላ ጥቆማ?" አለች።

ወይ ጉድ! እትዬ አፀደ ክው አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሄኒ ተጠቆመች። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ አሁን እዚያው ትንንሾቹን ታስተምራለች። "ትቀበያለሽ?" ስትባል ምንም ሳትሽኮረመም፣ "አዎ፣ በጣም እፈልጋለሁ" አለች።

"አይ የዛሬ ልጅ፣ ዓይን አውጣ!" አሉ አቶ ከፍያለው፤ ገና አሁን መንቃታቸው ነው። ብድግ ብለው፣ "እትዬ አፀደ፣ በእግዚአብሔር! እርስዎ እያሉልን? እሺ ይበሉና ይሄ ምርጫ ይቅር" ብለው ለመኑ።

ይኸው፣ ልመናው መጣ። እትዬ አፀደ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ወንበሩ የእሳቸው ነው። አዳራሹም ያውቃል፣ ሄኒም ታውቃለች፤ ፊቷ ደም መስሏል። እትዬ አፀደ አዩዋት። ይህን ሁሉ ዘመን ሲመሩ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ "እፈልጋለሁ" ብለው አያውቁም።

"ተቀመጥ እስቲ፣ ከፍያለው" አሉ። "በቃኝ ያልኩት እንድትለምኑኝ ነበር። ሆዴ ፈልጎ ነበር፤ አሁንም ይፈልጋል፣ ለምን እዋሻለሁ? ይቺ ልጅ ግን ሳትለመን መጣች። እኔን ለማስደሰት እሷን ልታሳፍሯት ነው? አይሆንም።"

ለሄኒ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ። እንባቸው ይወርዳል፤ እጃቸውን ግን ድምፁ ተቆጥሮ እስኪያልቅ አላወረዱም።