ባዶ ኮርቻ

ነጋዴው እንዳለው ሞቶ ሲለቀስለት የሚሳብ በቅሎ አልነበረም። ሽፍታው ላቀው ሊማሊሞ ላይ ገድሎት በቅሎውን ይዞ ሄዶ ነበር። በአገሩ ደንብ የሟች በቅሎ ተጭና፣ ልብሱ ከኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ በለቅሶተኛው መሐል ትሳባለች። ይህ መቅረቱ ከሚስቱ ከዘቢደር ሆድ እስከ ዛሬ አልወጣም።

አሁን ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ ስለ ላቀው የተሠራው ፊልም አልቆ ሰው ያጨበጭባል። ዘቢደር ግን እጇን ከጋቢው ሥር አላወጣችም። ጋቢው የእንዳለው ነው፤ ብርድ ሲሆን እሱን ትደርባለች።

ፊልሙ ላይ ላቀው የተጠማ ነጋዴ ውሃ ያጠጣል። ነጋዴውም፣ "እንካ፣ እንዳንተ ላለ ጀግና ነው የምትገባ!" ብሎ በቅሎውን ይሰጠዋል። የነጋዴውን ስም እንዳለው ብለውታል። በቅሎዋ ደግሞ ዘቢደር ቱሪስት ወደ ተራራ የምታወጣባት የራሷ በቅሎ፣ ዳማ ናት። "ለአገር ገጽታ የሚሆን ፊልም ነው" ብለው ነበር ፊልም ሠሪዎቹ የተከራዩዋት።

መምህር ደምለው ማይክራፎኑን ያዘ። "ታሪካችንን ያከበረ ሥራ ነው!"

"የአባቴን የጨው ጭነት የዘረፈውን ነው የምታከብሩት?" አለች ከዘቢደር አጠገብ የተቀመጠችው ባለሱቋ ረህማ። አንዳንዱ ሳቀ።

ዳይሬክተሩ ቻላቸው ፈገግ አለ። "የበቅሎዋ ባለቤትም እዚህ አሉ። እትዬ ዘቢደር፣ እስቲ አስተያየትዎን ይስጡን።"

ዘቢደር ማይክራፎኑን ተቀብላ ተነሣች። "ፊልምህ ውሸት ነው። ባሌ በቅሎውን አልሰጠም። ከጀርባው ተመትቶ ነው የወደቀው።"

"እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው፤ ፈጠራ ይገባበታል።"

"ፈጠራ ከሆነ፣ ለነጋዴህ ሌላ ስም አጣህለት?"

"ኧረ አሮጊቷን አስቀምጧት!" አለ ከኋላ አንዱ።

"አንተን ያስቀምጥህ!" አለች ረህማ።

ዘቢደር ማይክራፎኑን ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች። ደጅ ላይ ላቀውን ሆኖ የተወነው ወጣት ዝናሩን ታጥቆ ዳማ ላይ ተቀምጧል፤ በሰልፍ ከተማውን ሊዞር ነው። ሰው ከሥሩ ፎቶ ይነሣል።

"ውረድ።"

"እማማ፣ ሰልፉ ሊጀመር እኮ ነው…"

"ውረድ አልኩህ! በቅሎዋ የኔ ናት።"

ወረደ። ቻላቸው እየሮጠ ደረሰ። "ውል አለን እኮ፣ እትዬ!"

"ክሰሰኝ።"

ጋቢውን ከትከሻዋ አወረደች፤ ባዶው ኮርቻ ላይ ደልደል አድርጋ ዘረጋችው። ልጓሙን ያዘችና ሰልፉ ሊሄድበት በነበረው በገበያው መንገድ፣ "እንዳለው! እንዳለው!" እያለች በቅሎዋን ሳበች። ረህማ ከኋላ ተከተለቻት።

መንገድ ዳር የነበሩት ሽማግሌዎች ከበቅሎዋ ላይ ጋቢውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።