የጭራቁ ቅንድብ

ለልጆች ተረት እጽፋለሁ፤ ሥዕሉንም የምሥለው ራሴ ነኝ። በመጨረሻው መጽሐፌ ውስጥ ቀበቶውን ፈትቶ ልጆችን የሚያሳድድ ጭራቅ አለ። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ፣ አንዲት ጥንቸል ቀለም እየቀባሁ ሳለ፣ ታላቅ ወንድሜ የሥራ ክፍሌን በር በእርግጫ በርግዶ ገባ።

«ልጄ ይሄን ጭራቅ አይታ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹አባዬ፣ አንተ ነህ› አለችኝ። ያውም በእንግዳ ፊት።»

«ልጅ አይዋሽም፣ ጋሼ» አልኩት። ምላሴ መቼም አያርፍም።

በጥፊ አጮለኝ። ፀጉሬን ጨምድዶ ፊቴን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። የቀለሙ ብርጭቆ ተገልብጦ ጥንቸሏ ላይ ፈሰሰ፤ የአፍንጫዬ ደምም ተከተለው። ከዚያ ቀኝ እጄን መሳቢያው ውስጥ ከተተና በላዩ ላይ ደረገመው። ደግሞ ደረገመው። በሦስተኛው ሁለት ጣቶቼ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አሉ።

«እስቲ አሁን ሣዪ» አለኝ።

እኔ ግን ፊቱን እያየሁ ነበር። ልጆች ሆነን ሲገርፈኝ ዓይኔን በክንዴ እሸፍን ስለነበር፣ ያን ፊት በደንብ አይቼው አላውቅም። ለካ ሲመታ ሽቅብ የሚነሳው የግራ ቅንድቡ ነው። እኔ ጭራቁን ስሥል የቀኙን ነበር ያነሳሁት።

መጽሐፉ ተሸጦ አልቆ ሊደገም ሲል አሳታሚዋ ደወለች፤ የሚታረም ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። «አንድ ቅንድብ» አልኳት።

ቀኝ እጄ ገና በጄሶ ነበር። በግራዬ አስተካክዬ ላክሁላት። አሁን ቁርጥ እሱን ነው።